ሜካፕን መቀነስና የፊት ቆዳን በተፈጥሯዊ መንገድ መንከባከብ፦ ለደጋ ነዋሪዎች

ፊትዎ ላይ ብጉር ወይም ማድያት ወጥቶ በፋውንዴሽን ሸፍነውት ያውቃሉ? ሲታጠቡት ከበፊቱ ብሶ አገኙት? ብዙ ሰው ይህ ሲያጋጥመው ጠቆር ያለ ቦታውን ለመደበቅ የበለጠ ይቀባል፤ ከዚያም ፊት የሚያቀላ ክሬም ይጨምራል። ይህ ጽሑፍ ሜካፕን ደረጃ በደረጃ እንዴት መቀነስ እንደሚቻል፣ ቆዳን በቀላልና በርካሽ ነገር እንዴት መንከባከብ እንደሚቻል፣ እንዲሁም በፍጹም በሜካፕ መሸፈን የሌለባቸው የቆዳ ምልክቶች የትኞቹ እንደሆኑ ያስረዳል። የተዘጋጀው በተለይ በወረኢሉ፣ በመካነ ሰላም፣ በአቀስታ፣ በከላላና በአካባቢው ደጋ ለሚኖሩ ታካሚዎችና ቤተሰቦች ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ምክር በሌላ ቦታ ላሉም ይሠራል።

በአጭሩ

• ሜካፕ በራሱ በሽታ አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ሳይታጠቡት ሲተኙ፣ ጊዜው ያለፈበትን ሲጠቀሙ፣ ከሌላ ሰው ጋር ሲጋሩ ወይም የታመመ ቆዳ ሲሸፍኑበት ነው።
• ትልቁ አደጋ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚቀቡ ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች ናቸው።
• ለአብዛኛው ሰው በቂ የሆነው እንክብካቤ ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ማለስለሻ መቀባት፣ ከፀሐይ መከለል።
• "ተፈጥሯዊ" ማለት "የማይጎዳ" ማለት አይደለም። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ፊትን ያቃጥላሉ።
• የማይድን ቁስል፣ የሚያድግ እብጠት ወይም ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ቦታ ካለ በሜካፕ ሳይሸፍኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ቆዳ ምን ይሠራል?

የላይኛው የቆዳ ክፍል እንደ ግንብ ነው። ሴሎቹ እንደ ድንጋይ፣ በመካከላቸው ያለው ቅባት ደግሞ እንደ ጭቃ ሆኖ ያያይዛቸዋል። ይህ ግንብ ውሃ ከሰውነት እንዳይወጣ፣ ተህዋሲያንና ኬሚካሎችም እንዳይገቡ ይከላከላል። ኃይለኛ ሳሙና፣ ፍትጊያ፣ ደረቅ ብርድና የማይስማማ ቅባት ቅባቱን ሲያጥቡት ወይም ሲያበላሹት ቆዳው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ያሳክካል።

የላይኛው ቆዳ ራሱን በየጊዜው ያድሳል፤ በአዋቂ ሰው ላይ ይህ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ አዲስ እንክብካቤ ጀምረው በሦስተኛው ቀን ለውጥ ካላዩ ተስፋ አይቁረጡ። በሦስት ቀን ፊትዎን ወለል የሚያደርግ ክሬም ካጋጠመዎ ደግሞ ሊያስደስትዎ ሳይሆን ሊያስጠረጥርዎ ይገባል።

የደጋው አየር ለቆዳ ለምን ይከብዳል?

ወረኢሉና መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ገደማ ጀምሮ በሚገኝ ደጋ ላይ ያሉ ከተሞች ናቸው። ይህ ከፍታ ለቆዳ ሦስት ነገር ያመጣል።

የመጀመሪያው ፀሐይ ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳን የሚጎዳው አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ፀሐዩ የሚጎዳ አይመስልም። በገበያ ቀን ሙሉ ቀን ሜዳ ላይ የዋለ ሰው ፊቱ ሲጠቁር "ብርዱ ነው" ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያጠቆረው ጨረሩ ነው።

ሁለተኛው ብርድና ንፋስ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ በሚወርድባቸው ወራት አየሩ ይደርቃል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል፣ ጉንጭ ይሻክራል፣ ተረከዝ ይተረተራል። በደረቀ ቆዳ ላይ የተቀባ ፓውደር ስንጥቁ ውስጥ ስለሚገባ ፊቱን አመድ የነፋበት ያስመስለዋል፤ ይህን ለማስተካከል ሲባል ደግሞ ሌላ ድርብ ይቀባል።

ሦስተኛው እሳት ነው። ምጣድ ዳር የሚያሳልፉት ረጅም ሰዓት ፊትን ያደርቃል፤ ሙቀቱም ማድያትን ሊያባብስ ይችላል። ለብርድ ብለው በየቀኑ እሳት የሚሞቁ ሰዎች ደግሞ እግራቸው ላይ መረብ የሚመስል ጥቁረት ሊያወጡ ይችላሉ። ይህ ቆሻሻ አይደለም፤ ፈትገው ሊያስለቅቁት አይሞክሩ። ከእሳቱ ራቅ ብሎ መቀመጥ ዋናው መፍትሔ ነው።

ሜካፕ ቆዳን የሚጎዳው እንዴት ነው?

ብጉር። ወፍራምና ቅባታማ ፋውንዴሽን የቆዳን ቀዳዳ ይደፍናል። በውስጡ የተጠራቀመው ቅባት ጥቁር ነጥብና ብጉር ይሆናል። በግንባርና በጉንጭ ላይ የሚወጡ ጥቃቅን፣ ብዙ ጊዜ የማያሙ ብጉሮች የዚህ ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ።

አለርጂ። ሽቶ፣ ማቆያ ኬሚካልና ቀለም በአንዳንድ ሰው ላይ መቅላት፣ ማሳከክና ማበጥ ያስከትላሉ። አለርጂ ለዓመታት በተጠቀሙበት ዕቃ ላይም ድንገት ሊጀምር ይችላል። "እኔ እኮ ሁልጊዜ የምቀባው ነው" ማለት ስለዚህ ማስረጃ አይሆንም።

የዓይን ሕመም። የዓይን ኩልና ማስካራ በአንድ መቀቢያ ለብዙ ሰው ሲውል የዓይን ኢንፌክሽን ያስተላልፋል። የአማራ ክልል በአገራችን ትራኮማ በስፋት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በእጅ፣ በፎጣና ዓይን ላይ በሚያርፉ ዝንቦች ይተላለፋል፤ ፊትን አዘውትሮ መታጠብ ከዋና መከላከያዎቹ አንዱ ነው። ስለዚህ መቀቢያም ሆነ ፎጣ ከሚዜም ከእኅትም ጋር አይጋሩ።

ያረጀ ዕቃ። ማስካራ ከተከፈተ ከሦስት ወር በኋላ ባይጠቀሙበት ይሻላል። በብዙ ዕቃዎች ላይ ክዳኑ የተከፈተ ጣሳ ምስል አለ፤ በምስሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ከተከፈተ በኋላ ለስንት ወር እንደሚያገለግል ይነግርዎታል። ሽታው ወይም ቀለሙ የተቀየረውን ጊዜው ባያልፍም ይጣሉት።

ፊት የሚያቀሉ ክሬሞች፦ ትልቁ አደጋ

ብዙዎች ሜካፕ ለመቀነስ ሲያስቡ "መጀመሪያ ፊቴ ይጥራ" ብለው የሚያቀላ ክሬም ይገዛሉ። ቀይ መሆንን ከውበት ጋር ማያያዝ የቆየ አመለካከት ነው፤ በጤና ረገድ ግን የቆዳ መጥቆር ጉድለት አይደለም። ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ቆዳን ከፀሐይ የሚጠብቅ የራሱ ጃንጥላ ነው። ሜላኒንን ማጥፋት በዚያ ከፍታ ላይ ጃንጥላውን እንደ መጣል ነው።

በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ በብዛት የሚገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

ስቴሮይድ። እንደ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታሶንና ሞሜታሶን ያሉት መድኃኒቶች ለችፌና ለሌሎች የቆዳ በሽታዎች በሐኪም ሲታዘዙ በጣም ጠቃሚ ናቸው። ፊት ላይ ለማቅላት በየቀኑ ሲቀቡ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቱ ይቀላል፣ ብጉሩ ይጠፋል፣ ሰዉም "አማረብሽ" ይላል። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ስሮች ይታያሉ፣ ብጉር ይመለሳል፣ ፊት ላይ ፀጉር ይበቅላል፣ ፀሐይ ወይም እሳት ሲነካው ያቃጥላል። ለማቆም ሲሞከር ፊቱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይነዳል፤ ሰውየውም "ሳልቀባው አልችልም" ብሎ ወደ ክሬሙ ይመለሳል። ይህ ሱስ የሚመስል ዑደት የመድኃኒቱ ጉዳት እንጂ የቆዳዎ ተፈጥሮ አይደለም፤ በሕክምና መውጣት ይቻላል።

ሃይድሮኪኖን። ይህም በሐኪም ክትትል ለተወሰነ ጊዜ ለማድያት ይታዘዛል። በከፍተኛ መጠን ወይም ለረጅም ጊዜ ሲቀባ ግን ጉንጭና የዓይን ሥር ላይ ሰማያዊ የሚመስል ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል። ይህ ጥቁረት ለመታከም በጣም አስቸጋሪ ነው።

ሜርኩሪ። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። እጅ መንቀጥቀጥ፣ መደንዘዝ፣ መርሳት፣ እንቅልፍ ማጣትና የፊት ወይም የእግር ማበጥ ምልክቶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። የሚቀባውን ሰው ብቻ አይጎዳም፤ በፎጣ፣ በትራስና በመተቃቀፍ ሕፃናትም ይነካቸዋል። በ2013 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት ከተወሰነ መጠን በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው መዋቢያዎች እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ ወስኗል፤ በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ማንኛውም ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ እስከ 2025 እንዲቆም ተስማምተዋል። ሆኖም ክልከላ ብቻውን ዕቃውን ከሱቅ አያጠፋውም።

ክሬምዎን እንዲጠራጠሩ የሚያደርጉ ነገሮች፦

• በላዩ ላይ ምን እንደያዘ ያልተጻፈበት ወይም አምራቹ የማይታወቅ፤
• ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጥ፣ ወይም በሱቅ "ተቀላቅሎ" የሚሰጥ፤
• "በሳምንት ውስጥ ያቀላል" የሚል፤
• "ከብር፣ ከወርቅ ወይም ከጎማ ጋር አይነካካ" የሚል ማስጠንቀቂያ ያለው (ይህ የሜርኩሪ ምልክት ሊሆን ይችላል)፤
• ከተጠቀሙት በኋላ ፀሐይ የማይቻልዎት ከሆነ።

መዋቢያዎችን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ጥርጣሬ ካለዎ በነፃ የስልክ መስመር 8482 መጠቆም ይችላሉ።

ማሳሰቢያ፦ ስቴሮይድ ያለበትን ክሬም ለወራት ከተጠቀሙ በራስዎ በአንድ ቀን ከማቋረጥ ይልቅ ክሬሙን ከነዕቃው ይዘው ሐኪም ያማክሩ። ሜርኩሪ ያለበት ነው ብለው ከጠረጠሩ ግን ወዲያው ያቁሙ፤ ዕቃውን በላስቲክ አሽገው ለሐኪሙ ያሳዩ። እርጉዝ ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ የሚያቀላ ክሬም በጭራሽ አይጠቀሙ።

ኩል፣ ሂናና እንሶስላ

ኩል የቆየ ጌጥ ነው። ሆኖም አንዳንድ ከድንጋይ ተፈጭቶ የሚዘጋጅ ኩል እርሳስ የተባለውን ብረት ይይዛል። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ ለአራስ ሕፃን ዓይን አይኳሉ፤ ቅንድብም ላይ ቢሆን አይቀቡ፤ ሕፃኑ ያሸውና እጁን ይልሳል።

እንሶስላ ለእጅና ለእግር ማስጌጫ የሚውል ተክል ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ከተዘጋጀ ብዙውን ሰው አይጎዳም። ተፈጥሯዊው ሂናም እንዲሁ ነው፤ ቀለሙ ወደ ቀይ ቡናማ ይሄዳል። በደቂቃዎች ውስጥ ጥቁር የሚሆነው "ጥቁር ሂና" ግን ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ይጨመርበታል። ይህ ኬሚካል እጅን እንደ እሳት ሊያቃጥልና ጠባሳ ሊተው ይችላል፤ አንድ ጊዜ አለርጂ ከያዘዎ ደግሞ ወደፊት የፀጉር ቀለም ሁሉ ላይስማማዎ ይችላል። ለሠርግ ወይም ለኒካህ ጥቁሩን ሳይሆን ቀዩን ይምረጡ።

ከጓዳ የሚወጡ ነገሮች፦ የሚጠቅሙና የሚጎዱ

የሚጠቅሙ ወይም የማይጎዱ፦

ቫዝሊን። ርካሽ ነው፣ ሽታ የለውም፣ አለርጂ የሚያመጣውም በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው። ከታጠቡ በኋላ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ ስስ አድርገው ሲቀቡት ውሃውን ይዞ ያቆያል። ለከንፈር፣ ለእጅና ለተረከዝ ምርጥ ነው። ፊታቸው ወዛምና ብጉር የሚያወጣ ሰዎች ግን ደረቅ ቦታ ላይ ብቻ ቢቀቡት ይሻላል።

እሬት። ከቅጠሉ ውስጥ ያለው ጥርት ያለው ዝልግልግ ነገር ቆዳን ያረጥባል፣ ቀላል የፀሐይ ቃጠሎንም ያቀዘቅዛል። ከቅርፊቱ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል አስቀድመው ያንጠባጥቡት።

ማር። ንጹሕ ማር ለ10 ደቂቃ ያህል ተቀብቶ ቢታጠብ ቆዳን ያለሰልሳል። ማድያትን ወይም ጠባሳን ግን አያጠፋም።

ለጋ ቅቤ። ለደረቀ ፀጉርና ለደረቀ እጅ ያለሰልሳል። ፊት ላይ ሲቀባ ግን ብጉር ያባብሳል፤ ፀሐይንም አይከላከልም። በቃጠሎና በቁስል ላይ ቅቤ አይቀቡ። የተቃጠለን ቦታ ወዲያውኑ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሱ ለ20 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት።

ፊት ላይ የማይቀቡ፦

ሎሚ። አሲድ ስለሆነ ቆዳን ይልጣል፤ ከተቀባ በኋላ ፀሐይ ከነካው ደግሞ ውሃ የቋጠረ ቃጠሎና ለወራት የሚቆይ ጥቁረት ያመጣል። ማድያት ለማጥፋት ሎሚ የተቀቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያተርፉት ሌላ ጥቁረት ነው።

ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ። ለምግብና ለመዓዛ የሚጥሙትን ያህል ቆዳ ላይ ያቃጥላሉ። ለጭርትም ሆነ ለብጉር አይለጥፏቸው።

የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳና የልብስ ሳሙና። የቆዳውን ግንብ ያፈርሳሉ። እንዶድም ለልብስ እንጂ ለፊት አይሆንም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ በጣም ይጎዳል።

ማንኛውንም አዲስ ነገር ፊትዎ ላይ ከመሞከርዎ በፊት በክርንዎ ውስጠኛ ክፍል ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ለአንድ ሳምንት ይቀቡት። ካላሳከከ፣ ካልቀላና ካላበጠ ወደ ፊት መውሰድ ይችላሉ።

ሜካፕን በአራት ሳምንት መቀነስ

በአንድ ቀን መተው ለብዙ ሰው ከባድ ነው። በሥራ ቦታ "ታመሻል እንዴ?" መባል ያሳቅቃል። ስለዚህ ቀስ ይበሉ።

1ኛ ሳምንት። የሚቀቡትን አይቀንሱ፤ ግን አንድም ሌሊት ሳይታጠቡት አይተኙ። ቦርሳዎን ይፈትሹና ያረጀውንና ከሌላ ሰው ጋር የተጋሩትን ይጣሉ።

2ኛ ሳምንት። ፋውንዴሽኑን በሙሉ ፊት ላይ ሳይሆን በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ብቻ ይቀቡ። ቤት በሚውሉበት ቀን ምንም አይቀቡ።

3ኛ ሳምንት። በሳምንት ከሦስት ቀን ያልበለጠ ይቀቡ። በቀሩት ቀናት ማለስለሻና የከንፈር ቅባት ይበቃል።

4ኛ ሳምንት። ሜካፕን ለበዓል፣ ለሠርግና ለሚፈልጉት ቀን ያቆዩት። አሁን ፊትዎን በፀሐይ ብርሃን ይመልከቱት፤ የቀረው ብጉር ወይም ጥቁረት ምን እንደሆነ በግልጽ ስለሚታይ ሕክምናውም ይቀላል።

በመሃል ብጉሩ ትንሽ ቢብስ ይታገሱ። ቀላል የብጉር መድኃኒት እንደ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ያለው እንኳ ውጤቱ ሊታይ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈልጋል። ብጉርን አይፍረጡ፤ ጥቁር ጠባሳ የሚተወው ከብጉሩ ይልቅ መፍረጡ ነው።

የዕለት ተዕለት እንክብካቤ

ጠዋት። ፊትዎን በለብ ያለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠቡ። ውሃ በሚያጥርበት ጊዜም አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ለፊት ይበቃል። በራስዎ ፎጣ ሳይፈትጉ ያድርቁ፤ ማለስለሻ ይቀቡ።

ቀን። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ነጠላን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ መከናነብ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው። አቅም ካለዎ መከላከያ አቅሙ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ይጠቀሙ፤ ውጭ ከዋሉ በየሁለት ሰዓቱ ይደግሙት። ማድያት ላለበት ሰው የቆዳ ቀለም ያለው የፀሐይ ቅባት ይመረጣል፤ በውስጡ ያለው ብረት ኦክሳይድ ማድያትን የሚያባብሰውን የሚታይ ብርሃንም ያግዳል። አልቢኒዝም ያለበት የቤተሰብ አባል ካለ የፀሐይ ቅባት፣ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ ለእርሱ ከቆዳ ካንሰር መከላከያ ናቸው።

ማታ። ሜካፑን በለስላሳ ሳሙና ወይም በትንሽ ቫዝሊን አልሰልሰው ያስለቅቁ፤ ከዚያ በውሃ ይታጠቡ። እንደገና ማለስለሻ ይቀቡ።

ለውዱእ በቀን ብዙ ጊዜ የሚታጠቡ ከሆነ ውሃው ራሱ አይጎዳም፤ በብርዱ ሳይደርቅ መቅረቱ ነው የሚያሰነጥቀው። ከሰላት በኋላ ፊትን፣ እጅንና እግርን አድርቆ ስስ ማለስለሻ መቀባት ይበቃል።

በሜካፕ መሸፈን የሌለባቸው ምልክቶች

የዚህ ጽሑፍ ዋና መልእክት ይህ ነው። ሜካፕ ያዩትን ይሸፍናል፤ በሽታውን ግን አያቆመውም።

ቁንጭር። በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች፣ ወሎንም ጨምሮ፣ የሚገኝ የቆዳ ሌሽማኒያሲስ ነው። የሚተላለፈው በጣም ትንሽ በሆነች የአሸዋ ዝንብ ንክሻ ሲሆን ተህዋሲው በሽኮኮ ላይም ይኖራል። ስለዚህ ሽኮኮ የሚበዛባቸው ገደላማና ዋሻማ ቦታዎች አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ብዙ ጊዜ ፊት ላይ፣ በአፍንጫ፣ በጉንጭ ወይም በጆሮ ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ይጀምራል። ቀስ ብሎ ያድጋል፣ ቅርፊት ያበጃል፣ ብዙ ጊዜም አያምም። ስለማያምም ሰው "ብጉር ነው" ብሎ ይቀባበታል፤ ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ከተቀባ ደግሞ ሊባባስና መልኩን ሊቀይር ይችላል። ሳይታከም ቢቆይ ትልቅ ጠባሳ ይተዋል፤ አንዳንዴም ወደ አፍንጫና አፍ ውስጠኛ ክፍል ይዛመታል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው። ከሦስት ሳምንት በላይ ያልዳነ የፊት እብጠት ወይም ቁስል ካለ ይመርመሩ።

የሥጋ ደዌ። ነጣ ወይም ቀላ ያለና ሲነካ ስሜት የሌለው ቦታ ምልክቱ ሊሆን ይችላል። በጥጥ ጫፍ ነክተው ካልተሰማዎት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒቱ በነፃ ይሰጣል፤ ይድናል፤ ሕክምና ከተጀመረ በኋላም ወዲያው መተላለፉ ይቆማል። ቶሎ ያልታከመ ግን ነርቭን ይጎዳል።

ቋቁቻና ጭርት። በፈንገስ የሚመጡ ናቸው፤ በቀላል መድኃኒት ይድናሉ። ስቴሮይድ ከተቀባባቸው ግን ለጊዜው ደብዘዝ ብለው ከሥር ይሰፋሉ።

የሚለወጥ ጥቁር ነጥብ። ቅርጹ፣ መጠኑ ወይም ቀለሙ የሚቀየር፣ የሚደማ ወይም በእግር መዳፍና በጥፍር ሥር የወጣ ጥቁር ቦታ በሐኪም መታየት አለበት።

ፊት ወይም ከንፈር በድንገት ካበጠና መተንፈስ ካስቸገረ ደግሞ ይህ ድንገተኛ አለርጂ ነው፤ ሳይዘገዩ ወደ ቅርብ የጤና ተቋም ይሂዱ።

ሕክምና የት ይገኛል?

መጀመሪያ በቀበሌዎ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በአቅራቢያዎ ያለውን ጤና ጣቢያ ያማክሩ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ሊልኩዎ ይችላሉ። በደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ በሽታዎች፣ በሥጋ ደዌና በቁንጭር ሕክምና ለረጅም ጊዜ የሚታወቅ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

ሲሄዱ እነዚህን ያድርጉ፦ ፊትዎን ያለ ሜካፕ ይዘው ይሂዱ፤ የተጠቀሙባቸውን ክሬሞችና ቅባቶች ሁሉ፣ ባዶ ዕቃቸውንም ቢሆን፣ ይዘው ይሂዱ፤ ባህላዊ መድኃኒት ከተቀቡም ሳያፍሩ ይናገሩ። ሐኪሙ ሊወቅስዎ ሳይሆን ሊረዳዎ ነው የሚጠይቅዎት። ጠበል የሚጠመቁ ከሆነም ከመድኃኒቱ ጋር ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላሉ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ።

ለቤተሰብ

ሴት ልጅዎ ወይም እኅትዎ ፊቷን ሳትሸፍን ከቤት መውጣት ካቃታት፣ ብዙ ጊዜ ከጀርባው የተጎዳ ቆዳ ወይም የሰው አስተያየት አለ። "ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የጠቆርሽው?" የሚለው የሰላምታ ጥያቄ ለጠያቂው ቀላል ነው፤ ለተጠየቀችው ግን ወደ ሚያቀላ ክሬም የሚመራ መንገድ ሊሆን ይችላል። ስለ ቀለሟ ከመናገር ይልቅ ሕክምና እንድታገኝ አብረዋት ይሂዱ። ክሬሙን ሰርቀው አይጣሉባት፤ ድንገት ማቋረጡ ፊቷን ሊያቃጥለው ይችላል። ወንድ ልጆችም በብጉርና በጠባሳ ይሳቀቃሉ፤ ምክሩ ለእነርሱም አንድ ነው።

ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሙሽራ ነኝ፤ ለሠርጌ ሜካፕ ብቀባስ? ይችላሉ። ዕቃውን ከሳምንት በፊት በክርንዎ ላይ ይሞክሩት፤ መቀቢያው ንጹሕ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ማታ ታጥበው ይተኙ። ለሠርግ ብለው በመጨረሻው ወር የሚያቀላ ክሬም አይጀምሩ።

የወሊድ መከላከያ ማድያት ያመጣል? በአንዳንድ ሴቶች ላይ እርግዝናም ሆነ ሆርሞን ያለበት መከላከያ ማድያት ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ ይችላል። በራስዎ አያቋርጡ፤ ባለሙያ ሌላ አማራጭ ሊሰጥዎ ይችላል። የእርግዝና ማድያት ከወሊድ በኋላ ብዙ ጊዜ ይደበዝዛል።

ብዙ ውሃ መጠጣት ፊትን ያጠራል? ውሃ ለጤና አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን ደረቅ ቆዳን በዋናነት የሚያስተካክለው ከላይ የሚቀባው ማለስለሻ ነው።

በስቴሮይድ የተጎዳ ፊት ይመለሳል? አብዛኛው ይሻሻላል፤ ግን ወራት ይፈልጋል። መሳሳቱና የደም ስሩ በከፊል ሊቀር ይችላል። ቶሎ በጀመሩ ቁጥር የሚተርፈው ይበልጣል። ስለዚህ ዛሬ ማታ ፊትዎን ታጥበው በመስታወት ይዩት፤ ያዩት ነገር ካሳሰበዎ ነገ በቅባት አይሸፍኑት፤ እንዳለ ይዘውት ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።